ለኒዮ ናዚ ኮንሰርት በሩን ስለከፈተ አዳራሽ፦ ለወጣት ሙዚቀኞች የተጻፈ ምክር

ውድ ልጆች፣

ሙዚቃ የምትጫወቱ፣ ድምፅ የምታቀናብሩ፣ ኮንሰርት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ያላችሁ፣ አንድ ቀን «የምትሠሩበት አዳራሽ ባለፈው ቅዳሜ ለኒዮ ናዚ ባንዶች ተከራይቶ ነበር» የሚል ወሬ ሊደርሳችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከአሁኑ ብታስቡበት ይሻላል። «በዚያ አዳራሽ አንሠራም፣ አንገባም» የሚል አድማ በንዴት ብቻ ከተጠራ ቶሎ ይበተናል፤ አዳራሹም እንደነበረው ይቀጥላል።

«ይህ የነጮች የእርስ በርስ ጣጣ ነው» የሚል ቢኖር የሙሉጌታ ሥራውን ታሪክ ያንብብ። ሙሉጌታ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 በኦሪጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ መንገድ ላይ በሦስት ዘረኛ ስኪንሄዶች (ራሳቸውን የሚላጩ ወጣቶች) ተጠቅቶ በቤዝቦል ዱላ ተገደለ። ለትምህርት ከኢትዮጵያ የሄደ ወጣት ነበር። ዱላውን የሰነዘረበት ሰው በከተማው የሄቪ ሜታል መድረኮች የታወቀ ዘፋኝ ነበር። በ1990 በፍትሐ ብሔር ክስ የተሰየመው ጁሪ፣ መልማይ ወደ ፖርትላንድ የላከውን የነጭ የበላይነት አራማጁን የቶም ሜትዝገርን ድርጅት ጨምሮ ተከሳሾቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። በኦገስት 2012 በዊስኮንሲን ግዛት ኦክ ክሪክ በሲኮች ቤተ አምልኮ ገብቶ ስድስት ምእመናን የገደለው ሰውም (ሰባተኛው ከዓመታት በኋላ በዚያው ጉዳት ሞቷል) በነጭ የበላይነት ባንዶች ውስጥ ሲጫወት የኖረ ነበር። ከእነዚህ ኮንሰርቶች የወጣ ሁሉ ገዳይ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ግን ወጣቱ የሚመለመለው፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበው፣ በተለያየ ከተማ ያሉት የሚተዋወቁት እዚያ ነው። ያለ አዳራሽ ደግሞ ይህ ሁሉ ይከብዳል። አድማው አዳራሹ ላይ የሚያተኩረውም ለዚህ ነው።

አሠራራቸውን እወቁ። ስክሩድራይቨር የተባለው የእንግሊዝ ኒዮ ናዚ ባንድ ዘፋኝ የነበረው ኢያን ስቱዋርት ዶናልድሰን በ1987 በእንግሊዝ «ብለድ ኤንድ ኦነር» (ደምና ክብር) የተባለውን የኒዮ ናዚ ሙዚቃ መረብ ሲመሠርት፣ ኮንሰርቱ የት እንደሆነ ለታዳሚው አስቀድሞ አይነገርም ነበር። ሰዉ አንድ መገናኛ ቦታ ተቀጣጥሮ ይሰበሰብና ከዚያ ወደ እውነተኛው አዳራሽ ይመራል። በሴፕቴምበር 12 ቀን 1992 በለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ በኒዮ ናዚዎችና በተቃዋሚዎቻቸው መካከል ትልቅ ግጭት የተነሣው ጣቢያው እንዲህ ዓይነት መገናኛ ስለነበር ነው። አዳራሹን ሲከራዩም እውነቱን አይናገሩም፤ የልደት ግብዣ ነው፣ የሙት መታሰቢያ ነው ይላሉ። በኦክቶበር 2016 በስዊዘርላንድ ኡንተርቫሰር በምትባል የተራራ መንደር የሆነው ይህ ነው። ለመንደሩ አስተዳደር የተነገረው ጀማሪ የስዊስ ባንዶች ለጥቂት መቶ ሰው እንደሚጫወቱ ነበር። የመጣው ግን ከመላው አውሮፓ አምስት ሺህ ያህል ኒዮ ናዚ ነው።

ገንዘቡንም አትናቁት። በጁላይ 2017 በጀርመን ቱሪንገን ግዛት ቴማር በምትባል ትንሽ ከተማ ስድስት ሺህ ያህል ሰው ታድሟል፤ መግቢያው 35 ዩሮ ነበር። ብታባዙት ከ200,000 ዩሮ በላይ ነው፣ ያውም መጠጥና ቲሸርት ሳይቆጠር። አዘጋጆቹ ኮንሰርቱን ያስመዘገቡት እንደ ፖለቲካ ስብሰባ ስለሆነ የመሰብሰብ መብት ጥበቃ አገኘ፤ ፍርድ ቤትም አጸናላቸው።

እንግዲህ ወሬው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ አጣሩ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ! ማወቅ ያለባችሁ ኮንሰርቱ በየትኛው ቀን እንደተካሄደ፣ የትኞቹ ባንዶች እንደተጫወቱ፣ ማን እንደተከራየና የአዳራሹ ሰዎች ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ነው። ፖስተሩን፣ የመድረኩን ፎቶ፣ የባንዶቹን አልበም ያወጣውን አሳታሚ፣ የግጥማቸውን ይዘት ሰብስቡ። ስክሪን ሾት ስታነሡ ቀኑና አድራሻው አብሮ ይታይ፤ ጉዳዩ ሲነሣ ገጹ በአንድ ሌሊት ይጠፋልና። እርስ በርሳቸው ያልተቀዳዱ ሁለት ምንጮች ሳይገኙ ስም አትጥሩ። ይህን ያልኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በብዙ አገር በስም ማጥፋት የሚከሰሰው ጽሑፉን የለጠፈው ሰው ነው፤ አንዲት የተሳሳተች ዝርዝርም የቀረውን እውነት ሁሉ ታስጥላለች።

ምልክቶችን በተመለከተ፣ 88 እና 18 ለሂትለር የተሰጡ የፊደል ቁጥሮች ናቸው (1 ለA፣ 8 ለH ይቆማል)፤ 28 የብለድ ኤንድ ኦነር ነው፤ የተቆላለፉ ሁለት መዶሻዎች ሐመርስኪንስ የተባለው የዘረኛ ስኪንሄዶች ቡድን ናቸው፤ ባለ አሥራ ሁለት ጨረሩ «ጥቁር ፀሐይ» በብዛት ይታያል። ሆኖም ምልክት ብቻውን አያስፈርድም። የላሊበላ ቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ ስዋስቲካ ተፈልፍሎ እናያለን፤ ከናዚ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። የተላጨ ራስና ወታደራዊ ጫማም እንዲሁ ነው። ስኪንሄድ በ1960ዎቹ በእንግሊዝ ሲጀመር የጃማይካ ስካና ሬጌ የሚወድ የሠራተኛ ልጅ ነበር፤ ዛሬም ዘረኝነትን የሚቃወሙ ስኪንሄዶች አሉ፣ የሬጌ አሳታሚውን የትሮጃን ሬኮርድስን ምልክት፣ የራስ ቁሩን፣ ደረታቸው ላይ ታገኛላችሁ። በመልክ ፈርዳችሁ እነዚህን ብታባርሩ ከሁሉ የሚቀርባችሁን አጋር አጣችሁ ማለት ነው።

መሐል ላይ የሚወድቁ ጉዳዮችም አሉ። ታኬ የተባለው የኖርዌይ ባንድ ዘፋኝ በ2007 በጀርመን ኤሰን ደረቱ ላይ ስዋስቲካ ስሎ መድረክ ወጣ፤ በኋላ ናዚ አይደለሁም አለ። በ2018 ባንዱ አሜሪካ ሊዞር ሲል ራፐሩ ታሊብ ኩዌሊ በካንሳስ ሲቲ ሊሠራበት የነበረው አዳራሽ ታኬንም እንደሚያስተናግድ ሰምቶ የራሱን ኮንሰርት ሰረዘ። የባንዱ ጉዞም ቆየት ብሎ ቀረ። እዚህ ላይ ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ያን ምልክት ለብሶ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ማስረዳት የእሱ ግዴታ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ግን ያደረገውን ብቻ እንጂ በልቡ ያለውን አይደለም።

ማስረጃው ሲሟላ ሁለት ሆናችሁ ባለቤቱን አነጋግሩ። አንድ ሰው ብቻውን ከሄደ «አላልኩም» «ብለሃል» ይመጣል፤ አሥር ሆኖ መሄድም ማስፈራራት ይመስላል። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን፦ ውሉን የፈረመው ማን ነበር? ዝግጅቱ ምን ተብሎ ነበር የተነገራችሁ? ከአሁን በኋላስ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አንድ ሳምንት በቂ ነው፤ ሌላ እንዲህ ያለ ኮንሰርት ቀን ከተቆረጠለት ግን ጊዜውን አሳጥሩት። እንደ ኡንተርቫሰር ሰዎች የተታለለ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ራሱ ደንግጦ ያመሰግናችኋል፤ ጉዳዩም ያለ አድማ ያልቃል። «ኪራይ ኪራይ ነው፤ እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ካለ ግን አውቆ አድርጎታል ማለት ነው። «የመናገር ነፃነት ያስገድደኛል» ቢላችሁም፣ በአሜሪካ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የግል አዳራሽን አይደለም። የከተማ አስተዳደር አዳራሽ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ በአመለካከት መከልከል አይችልምና እዚያ ጠበቃ ሳታማክሩ አትነሡ።

የምትጠይቁት ነገር ሊፈጸም የሚችል ይሁን። «ይቅርታ ይጠይቁን» ብቻውን ምንም አይለውጥም። ቀን የተቆረጠላቸው ተመሳሳይ ኮንሰርቶች ይሰረዙ፣ የኪራይ መመሪያ በጽሑፍ ይውጣ፣ ያን ምሽት አልሠራም ያለ ሠራተኛ እንዳይባረር ይረጋገጥ፤ እነዚህን ማንም ቆጥሮ ሊያረጋግጣቸው ይችላል። ለመመሪያው በጀርመን ቀኝ አክራሪነትን የሚከታተሉ አማካሪዎች ለአከራዮች የሚሰጡት ዓይነት የውል አንቀጽ ጥሩ መነሻ ነው። የተከራዩ ሙሉ ስምና የዝግጅቱ ዓላማ በግልጽ ይጻፋል፤ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይከለከላል፤ ዘረኛ፣ ፀረ አይሁድ ወይም ናዚን የሚያወድስ ይዘት እንደማይኖር ተከራዩ ይፈርማል፤ አከራዩ በማንኛውም ሰዓት ገብቶ የማየትና ዝግጅቱን የማቋረጥ መብት ይኖረዋል፤ ውሉ ሲጣስ የሚከፈለው መቀጫ በቁጥር ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ የመጨረሻው ነው። መቀጫ የሌለው አንቀጽ ደጅ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ይቀራል።

ይህ አንቀጽ እኛንም ይመለከታል። በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች የሙዚቃ ምሽት ያላቸው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የማኅበረሰብ ማኅበራትም አዳራሽ ያከራያሉ። ስልክ ደውሎ «የልደት ግብዣ፣ መቶ ሰው፣ የራሳችን ድምፅ ማጉያ፣ የራሳችን ጥበቃ፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ» የሚል እንግዳ ሲመጣ የባንዶቹን ስም ጠይቁ። የልደት ባለቤት ይህን መመለስ አይቸግረውም።

መልሱ እምቢ ከሆነ ወደ አድማው። ከማወጃችሁ በፊት ፊርማ ሰብስቡ፤ አውጃችሁ ፊርማ መለመን ደካማነታችሁን ለባለቤቱ ማሳየት ነው። ባንዶች ብቻ አይበቁም። ድምፅ ባለሙያው፣ ዲጄው፣ ፖስተር የሚያሳትመው፣ በየሳምንቱ መደበኛ ምሽት ያለው አዘጋጅ ይግቡበት። በተለይ መደበኛ ምሽት ያላቸውን አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ትንሽ አዳራሽ የሚኖረው በአብዛኛው በመጠጥ ሽያጭ ነው፤ የታወቀ ሰው በዓመት አንዴ ከሚቀር በየሐሙሱ የሚመጣው መቶ ሰው ቢቀር ይጎዳዋል። በኦገስት 2017 በሚኒያፖሊስ ክለብ ዬገር የሆነው ይህ ነበር። ባለቤቱ የነጭ ዘረኞች ድርጅት ለሆነው ለኩ ክሉክስ ክላን የቀድሞ መሪ ለዴቪድ ዱክ የምርጫ ዘመቻ 500 ዶላር መስጠቱ ከሕዝብ መዝገብ ሲወጣ፣ መደበኛ ምሽት የነበራቸው ዲጄዎችና ሠራተኞቹ ጥለው ወጡ፤ ክለቡ በቀናት ውስጥ ተዘጋ። እዚያ ማስረጃው የመንግሥት መዝገብ ስለነበር ማንም ሊክደው አልቻለም።

ከዚህ አዳራሽ ጋር አስቀድሞ ውል የፈረመ ባንድ አለ ወይ? ውሉን አብራችሁ አንብቡ። ሰርዘህ ብትወጣ ቀብዱ ይቀራል ወይስ ሙሉ ኪራይ ትከፍላለህ? «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው አንቀጽ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ትልልቆቹ ባንዶች አዋጥተው የጀማሪዎቹን ቀብድ የሚሸፍኑበት ትንሽ ገንዘብ ይኑር። ይህን ሳያደርጉ ድሃውን ባንድ «ለምን ተጫወትክ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አድማውም በመጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ምትክ ቦታም ፈልጉ፦ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ የምግብ ቤት ጓሮ። የሚፈቀደውን የሰው ብዛት፣ ኢንሹራንሱን፣ የድምፅ ሰዓት ገደቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሄጃ ያጣ ታዳሚ ከወር በኋላ ወደ ድሮው ቦታ ይመለሳል።

አንዳንድ ነገር አታድርጉ። የባለቤቱን ቤት አድራሻ አትለጥፉ። ባር ላይ የምትቀዳዋ ልጅ ውሉን አልፈረመችም፣ አትስደቧት። ያልበላችሁበትን፣ ያልጠጣችሁበትን ምሽት እንደ ደንበኛ ሆናችሁ የሐሰት አስተያየት አትጻፉ፤ ውሸቱ ሲገለጥ ማስረጃችሁም አብሮ ይጠረጠራል። ኮንሰርቱ በሚካሄድበት ሌሊት ብቻችሁን ደጁ ላይ ፎቶ ለማንሣት አትሂዱ። ተቃውሞ ካለ በቡድን ሄዳችሁ በቡድን ተመለሱ፤ ለመጨረሻው አውቶቡስ ብቻውን የሚቆም ሰው አይኑር። ማስፈራሪያ ሲመጣ መልእክቱን ሳታጠፉ ለፖሊስ አመልክቱ። መግለጫው ላይ የልጆቹን ሙሉ ስም ሳይሆን የባንዶቹን ስም ጻፉ።

የኦስትሪትስ ሰዎች ያደረጉትን ደግሞ ሁልጊዜ በአክብሮት አነሣዋለሁ። በጁን 2019 በዚህች በጀርመን ሳክሰን ግዛት ባለች ከተማ የኒዮ ናዚ ፌስቲቫል ሲካሄድ በቦታው መጠጥ ተከለከለ፣ ፍርድ ቤትም ክልከላውን አጸና፤ ፖሊስም ከአራት ሺህ ሊትር በላይ ቢራ ወሰደ። ነዋሪዎቹ ከዚያ ወደ ከተማው ሱፐርማርኬት ሄደው ቢራውን በሙሉ በሣጥን በሣጥን ገዝተው ጨረሱት። ማንንም አልነኩም፣ ሕግም አልጣሱም።

አድማው መቼ እንደሚያበቃ በመጀመሪያው መግለጫ ላይ ይጻፍ። የጠየቃችሁት ሲፈጸም በዚያው ሳምንት መነሣቱን አሳውቁ፤ መጀመሪያ የሚመለሱትም አድማውን የጠሩት ባንዶች ይሁኑ። ባለቤቱ ተስተካክሎም ቅጣቱ ከቀጠለ ቀጣዩ አዳራሽ «ብለወጥም ያው ነው» ብሎ ያስባል። ያሰባሰባችሁትን ማስረጃ፣ ደብዳቤዎቹንና የተፈረመውን መመሪያ ግን አትጣሉት፤ ከሁለት ሰው በላይ ዘንድ ይቀመጥ። አዳራሽ ይሸጣል፣ ሥራ አስኪያጅ ይለወጣል፣ እነዚያው ሰዎችም በሌላ የባንድ ስም ተመልሰው ኪራይ ይጠይቃሉ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያው ወር መመሪያው ስለመኖሩ ከእናንተ ይስማ።