መልስ፦ የስኪው የታችኛው ንጣፍ የሚላቀቅበት ምክንያት
ከእንጨት፣ ከፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) እና ከኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ) በሠሩት ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ላይ የታችኛው ፕላስቲክ ከጫፉ እየተላቀቀ እንዳስቸገረዎ ገልጸው ምክንያቱን ጠይቀዋል። ችግሩ በአብዛኛው የማጣበቂያው ማነስ ሳይሆን የታችኛው ንጣፍ የሚሠራበት የፖሊኤቲሊን ጠባይ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ሰም የሚመስል፣ ማጣበቂያ በቀላሉ የማይዘው ቁስ ስለሆነ፣ የሚጣበቀው ገጹ አስቀድሞ በነበልባል ወይም በሌላ መንገድ ካልተዘጋጀ በስተቀር፣ ኢፖክሲው በሚገባ ቢደርቅም እንደ ቅርፊት ይነሣል። ስለዚህ አንድ ገጹ ለማጣበቅ የተዘጋጀውን ይግዙ፤ ከመለጠፍዎ በፊት በአልኮል ይጥረጉት፣ ከዚያ በኋላም በባዶ እጅ አይንኩት።

በስኪው ዳር በሚገባው የብረት ጠርዝና በፋይበርግላሱ መካከል ስስ የጎማ ጥብጣብ ማኖርም ተገቢ ነው፤ ስኪው ሲተጣጠፍና ሙቀቱ ሲለዋወጥ ሁለቱ እኩል ስለማይለጠጡ ጎማው ልዩነቱን ያቻችላል። የቫኪዩም ከረጢት (አየሩ በፓምፕ ሲመጠጥ ንጣፎቹን አጥብቆ የሚጫን ከረጢት) ግፊት ከ1 አትሞስፌር፣ ማለትም ከተራው የአየር ግፊት፣ አይበልጥም (ለመጀመሪያ ሥራ ግን ይበቃል ባይ ነኝ)፤ ይህ ግፊት እንዳይላላ ኢፖክሲው እስኪጠነክር ፓምፑን አያጥፉ።