«ባትሪህን አነቃልሃለሁ» ላለህ ሠሪ ብርህን እንዳትሰጥ

ወንድሜ፣ «የብስክሌቴ 48 ቮልት ሊትየም ባትሪ ሙሉ ነኝ ይላል፣ ዳገት ስነካ ግን ድርግም ይላል። አንድ ሠሪ በ3,000 ብር አነቃልሃለሁ ብሎኛል፣ ልስጠው?» ብለሃል። እንዳትሰጠው! እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ።

1. መጀመሪያ አስለካ። 48 ቮልት የሚባለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 13 ረድፍ ሴል (ውስጡ ያሉት ትናንሽ ባትሪዎች) ነው። አንዱ ረድፍ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ጠቅላላው 54.6 ይሆናል። ዳገት ላይ ሞተሩ ኃይል ሲስብ የደከመው ረድፍ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚጠብቀው ሰርኪት) ደግሞ ሁሉንም ይዘጋዋል። ስለዚህ ረድፍ በረድፍ በቴስተር ይለካ። ቀለበትና ሰዓት ማውለቅ አትርሳ። ዋስትና ካለህ ግን ከመክፈትህ በፊት ሻጩ ጋ ሂድ። የኔው ሻጭ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ስልኩን እየነካካ «ከፍተኸዋል፣ አይመለከተንም» ነው ያለኝ። አንድ ብሎን ነው የፈታሁት፣ አቦ!

2. ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ሴል አይነቃም። የኔ አንዱ ረድፍ 1.4 ነበር። ሠሪው ጉንጩን በጫት ወጥሮ ቢኤምኤሱን አልፎ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ሰጠው። ቁጥሩ ወደ 3.6 ሲወጣ «አየህ፣ ነቃ!» አለኝ። እኔም መርቄው ሄድኩ። ለካ እንዲህ የተራበ ሴል ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፣ መልሰህ ስትሞላው በውስጡ እርስ በርሱ ሊገናኝ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ቻርጅ ላይ እያለ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። የባትሪው ሰማያዊ ላስቲክ ተጨማዶ፣ እጅ አያስነካም። በመጥረጊያ እንጨት እየገፋሁ ግቢ አወጣሁትና ራቅሁ። እግዜር ይመስገን፣ ሳይነድ ቀረ። ልጆቹ አጠገቡ ነበር የተኙት። ከዚያ ወዲህ ማታ ተኝቼ ቻርጅ አላደርግም።

3. ሙቀት። የድሬን ፀሐይ ለአንተ አልነግርህም። እኔ ሳቢያን ሰፈር ቆርቆሮ ሥር አቁሜው እውልና ቤት እንደደረስኩ እሰካ ነበር። ሊትየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞላ ቶሎ ያረጃል። አሁን ጥላ ውስጥ አንድ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። ሐረር ያለው የአክስቴ ልጅ፣ በኔው ወር የገዛው፣ ባትሪው እስካሁን ደህና ነው። ደጋ ነው፣ ምን አለበት! (የእርሳስ ባትሪ ቻርጀርም አትዋስ፣ ከ54.6 ያልፋል።)

አሁን ምን ላድርግ ካልክ፣ ያረጀ ሴል አዲስ አይሆንም፣ ይቀየራል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ሴል ቀላቅለህ አታስገባ፣ ደካማው ሌላውን ይጎትታል። እኔ በመጨረሻ ሁሉንም በአዲስ፣ አንድ ዓይነት ሴል አስቀየርኩ። ሴሉ ላይ በካውያ ሊበይድ የሚነሳ ሠሪ ካየህ ባትሪህን ይዘህ ውጣ፤ ሙቀቱ ሴሉን ይጎዳል። ሴሎቹን የሚያገናኘውን ቀጭን ኒኬል በነጥብ መበየጃ ማሽን የሚሠራ ፈልግ። ወጪው ያማል፣ ውሸት የለውም። ግን ከሳቢያን ቀፊራ ደርሼ ስመለስ የቻርጅ ማሳያው መብራት ከአንድ ጭረት በላይ አይቀንስም።

ቴስተር ከሌለህ እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ከሰዓት ከ10 በፊት ግን አልገኝም፣ የበርጫ ሰዓት ነው።