ክረምት ያላለፈበት እንጨት ጠረጴዛ አይሁን

ጥያቄውን ያቀረቡት ወንድማችን በልደታ ኮንዶሚኒየም እንደሚኖሩ፣ ቀኑን ቢሮ እንደሚውሉ፣ ምሽትንና ቅዳሜን ተጠቅመው ያለ ማሽን፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ፣ ጥሩ የእንጨት የቤት ዕቃ መሥራት መማር እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ምን መሣሪያ መግዛት እንዳለባቸው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይቻል እንደሆነና በየትኛው እንጨት ቢጀምሩ እንደሚሻልም ጠይቀዋል። እኔ ሙያውን የተማርኩት ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ይሠሩ ከነበሩ አንድ አረጋዊ አናጺ ዘንድ፣ እንደ እርስዎ ሌላ ሥራ እየሠራሁ፣ ለአራት ዓመት ማታ ማታና ቅዳሜ እየተመላለስኩ ነውና የምመልሰው ከዚያ ተነሥቼ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም የጀማሪን ልፋት ከንቱ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ የእጁ አለመብሰል ሳይሆን የእንጨቱ አለመድረቅ ነው።

የመጀመሪያዬን ጠረጴዛ የሠራሁት በኅዳር ወር ነበር። ዋንዛውን የገዛሁት ክረምቱ እንዳለቀ በጥቅምት ሲሆን፣ ሻጩ ጣውላው ሁለት ዓመት የደረቀ መሆኑን አረጋግጦልኝ ስለነበር ሳልመዝን፣ ሳላጣራ ወሰድኩት። ላዩን ከእግሮቹ ማያያዣ ጋር ዙሪያውን በኮላና በሚስማር አጥብቄ አሰርኩት፤ የጠነከረ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በየካቲት አንድ ሌሊት ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ሰምቼ ተነሣሁ፤ ጠረጴዛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ፣ ስንጥቁ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተከፍቶ አገኘሁት። አስተማሪዬ መጥተው ሲያዩት አልተቆጡኝም፤ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እንድነቅልና እንጨቱ ለምን እንደተሰነጠቀ ራሴ እንዳስረዳቸው አደረጉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንጨት ከተቆረጠና ዕቃ ከሆነ በኋላም ከአየሩ ርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ይኖራል። በርዝመቱ የሚያሳየው ለውጥ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን በስፋቱ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። በግንዱ ውስጥ የሚታዩትን ዓመታዊ ቀለበቶች ተከትሎ የሚኮማተርበት መጠን ከመሐል ወደ ልጡ አቅጣጫ ከሚኮማተርበት እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ከግንዱ ጎን በመጋዝ የተከፈለ ጣውላ ሲደርቅ በልጡ በኩል ባለው ፊቱ እንደ ገበታ ይጎደጉዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም የምትርስ፣ ከዚያ በኋላ ለወራት ደረቅ ፀሐይ የሚመታት ከተማ ስለሆነች ይህ መተንፈስ በየዓመቱ ይደጋገማል። ስለዚህ የጠረጴዛን ላይ በኮላና በሚስማር መቸንከር አይገባም። በማያያዣው ውስጠኛ ጎን ጠባብ ቦይ ይቆፈርና፣ ምላስ ያላቸው ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች በላዩ ሥር ታስረው ምላሳቸው በቦዩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ይደረጋል። እኔም ያንን ጠረጴዛ በዚህ መንገድ ጠግኜው ዛሬም ምሳ የምንበላበት እሱ ላይ ነው።

የማድረቁ ደንብ በግርድፉ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚል ነው። የሻጭን ቃል ከመቀበል ይልቅ ግን ከጣውላው ጫፍ ቁራጭ ወስደው፣ ቤትዎ ውስጥ አስቀምጠው፣ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ቢመዝኑት ይሻላል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከቤትዎ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ጣውላዎቹን ከአልጋ ሥር ቢያኖሯቸውም በመካከላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው ስስ እንጨቶች ገብተው አየር ሊዘዋወርባቸው ይገባል።

እንጨቱን በተመለከተ ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙም ከዓመት ዓመት እያማረ የሚሄድ፣ ለቤት ዕቃ ወደር የሌለው እንጨት ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም የሚገዙት ዋንዛ ከገበሬ ማሳ የመጣና ሕጋዊ ወረቀት ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ለልምምድ የፈረንጅ ጥድ ይበቃዎታል፤ ርካሽና ለስላሳ ሲሆን፣ ያልተሳለ መሮ በሚገባ ስለማይቆርጠው ስንፍናዎን ወዲያው ያሳይዎታል። ባሕር ዛፍ ለመጀመሪያ አልመክርም፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ከአሮጌ ቤት የወጣ እንጨት ነው። ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በፈረሱ ጊዜ ያገኘኋቸው ሁለት የበር መቃኖች ለአሥርተ ዓመታት ደርቀው የኖሩ ስለነበሩ አንዳች አልተንቀሳቀሱም፤ ከሠራሁባቸው እንጨቶች ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። አሮጌ እንጨት ከመላግዎ በፊት ግን ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ፊቱን ሁሉ ይዳስሱት፤ ውስጡ የቀረ አንድ ሚስማር ለቀናት የሳሉትን ስለት በአንድ ምት ይሸርፈዋል።

ወደ መሣሪያው ስመለስ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ የብረት መላጊያ፣ 6፣ 12 እና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት መሮዎች፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ አንድ መጋዝና አንድ ሻካራ መጋዝ፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማረጋገጫ)፣ ውፍረት ማስመሪያ፣ የእንጨት መዶሻና መሳያ ድንጋይ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። እኔ መላጊያዬን ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ በአሮጌ ብረታ ብረት መካከል ነው። አሮጌ መላጊያ ሲገዙ እጀታው ቢሰበር አይጨነቁ፣ ሊሠሩለት ይችላሉ፤ አካሉ ስንጥቅ እንደሌለውና ምላጩ ገና ብዙ የሚሳል ብረት እንዳለው ግን በብርሃን ያረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ መሳል ነው፣ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። አስተማሪዬ ሁለት ወር ሙሉ ከመሳል በቀር ሌላ ሥራ አልሰጡኝም ነበር፤ ያኔ የጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ከእሳቸው ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መጀመሪያ የመሮው ጀርባ ከጫፉ አንሥቶ ሁለት ጣት ያህል ፍጹም ዝርግ እስኪሆንና እስኪያብለጨልጭ በወፍራም መስተዋት ላይ በተነጠፈ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ240 ቁጥር ጀምሮ እስከ 2000 ድረስ ይፈተጋል። ቀጥሎ ተዳፋቱ በ25 ዲግሪ ይሞረዳል፣ የመጨረሻዋ ጠባብ ጠርዝ ደግሞ በ30 ዲግሪ ትሳላለች። ጣትዎን በጀርባው በኩል ሲያንሸራትቱ ከዳር እስከ ዳር ስስ የብረት ጭራ ካልተሰማዎት ስለቱ ገና ጫፍ አልደረሰምና አይቸኩሉ። መሳልዎ በቂ መሆኑን የሚያውቁት የፈረንጅ ጥድን ጫፍ በመሮ ሲሸልቱት ሳይፈረፈር እንደ ሰም ተቆርጦ የቀረው ፊት ሲያንጸባርቅ ነው።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ፣ ጊዜ ካገኙ በሜክሲኮ አካባቢ ያለውን ተግባረ ዕድን ጨምሮ በከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትን ጠይቁ እላለሁ። ሳይገቡም መማር ይቻላል፣ ነገር ግን ሥራዎን የሚያይልዎና ስሕተትዎን የሚያሳይዎ አንድ የበሰለ ዐይን ያስፈልግዎታል። በራስዎ የሚለማመዱት አንድ ነገር ቢኖር የወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ ነው፤ የአንዱ እንጨት ምላስ በሌላው እንጨት ጉድጓድ የሚገባበት ማለት ነው። የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት ሲሶ ይሁን፤ መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በስለት ያስምሩ፣ መጋዙም መስመሩን ሳይነካ በሚጣለው እንጨት በኩል ይሂድ። እኔ ሃያ ጥንድ ሠርቼ አሥራ ስምንቱን አስተማሪዬ በእጃቸው ነቅንቀው ወደ ማገዶው ጣሏቸው። ምላሱ በእጅ ግፊት እስከ ግማሹ ገብቶ ቀሪውን በመዶሻ ቀላል ምት የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። ዶቭቴል የሚባለው፣ እንደ ወፍ ጅራት የሚሰፋው የመሳቢያ መጋጠሚያ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዝንባሌው ለለስላሳ እንጨት አንድ ለስድስት፣ ለጠንካራው አንድ ለስምንት ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ አምስት ኪሎ ብቅ ብለው በብሔራዊ ሙዚየም ያለውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የእንጨት ዙፋን ከጎኑ ቆመው ቢያዩት፣ መሮ በሰለጠነ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ ይገባዎታል።

ኮንዶሚኒየም መኖርዎ እንቅፋት አይሁንብዎ፤ መላጊያ የሚያወጣው ልጣጭ እንጂ አየር ላይ የሚበን ሰጋቱራ አይደለም፣ ድምፁም ከግድግዳ አያልፍም። ጎረቤት የሚያውከው የመሮ ምት ብቻ ነውና እሱን ለቅዳሜ ቀን ያድርጉት፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው እግሮች ሥርም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ያስገቡ። የጠረጴዛው ከፍታ እጅዎን ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ የእጅዎ አንጓ ጋ የሚደርስ ይሁን፤ ከዚያ ከፍ ካለ መላጊያውን በክንድዎ ብቻ ስለሚገፉ ቶሎ ይደክማሉ።

የመጀመሪያ ሥራዎ አራት እግር ያለው አነስተኛ በርጩማ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ስምንት መጋጠሚያዎች ስላሉት በቂ ፈተና ነው፣ ቢበላሽም የሚባክነው እንጨት ጥቂት ነው። መሳቢያ ያለው ዕቃ ለነሐሴ ያቆዩት። በነሐሴ እንጨቱ አብጦ ስለሚገኝ ያኔ ጠበቅ ብሎ የገባ መሳቢያ በበጋ ይላላል እንጂ አይነክስም፤ በበጋ የሚሠሩ ከሆነ ግን በመሳቢያው ቁመት ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት። ጣውላውን ገዝተው ከመቁረጥዎ በፊት የጫፉን ፎቶ እዚህ ቢለጥፉልኝ፣ ቀለበቶቹን አይቼ የትኛው ፊት ወደ ላይ መሆን እንዳለበት ልነግርዎ ፈቃደኛ ነኝ።