አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ትልቅ ሞተር፦ ጠይቁኝ

ባለፈው የቢጄ 42 ላንድክሩዘሬን ሞተር ቀየርኩ ብዬ ስጽፍ ጥያቄው ዶፍ ሆነ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1982 ናት። ባለ አራት ፒስቶኑ 3ቢ ወጥቶ ባለ ስድስቱ 1ኤችዜድ ገባ። 3.4 ሊትር የነበረው 4.2 ሆነ። ሁለቱም ናፍታ ናቸው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ቡናው ፈልቷል፣ የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ። ሜካኒክ አይደለሁም። ጋራዥ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጬ ብዙ ዓመት ያየሁ ባለመኪና ነኝ።

ጥያቄ (ከሽሮ ሜዳ)፦ የኔም 3ቢ ነው። እንጦጦን ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያለቀሰ ነው። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ። መጀመሪያ የደከመው ሞተሩ ነው ወይስ አየሩ ነው የሳሳው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ያለው 3ቢ፣ አራት ኪሎ ላይ 70 አይሞላም። 130 ገደማ የሚባለው 1ኤችዜድም ወደ 100 ይወርዳል። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

እንግዲህ ትርፍህ 30 ፈረስ ነው። ቀላል አይደለም። ግን ሞተርህ ታሞ ከሆነ ከፊሉን በጥገና ልታገኘው ትችላለህ። ኮምፕሬሽን (የፒስቶኖቹን ጭመቃ) አስለካ። ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሽ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ ይዘህ እየው። ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ ብርህን ኪስህ አስቀምጥ። ወድቆ ከሆነ ግን አሮጌውን ማሳደሱም ቀላል ወጪ አይደለም፣ ያኔ ስለ መቀየር እናውራ።

ጥያቄ፦ ከተደከመ አይቀር ተርቦ ያለው 1ኤችዲቲ አይሻልም? ወይስ 1ኤችዜዱ ላይ ተርቦ ልጨምር?

መልስ፦ ለደጋ አገር ተርቦ የመሰለ ነገር የለም። ሞተሩ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚወስድ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። 1ኤችዲቲ ያው 4.2 ሊትር ነው፣ ጉልበቱ ግን ከ160 ያልፋል። ከተገኘ ውሰደው። አንድ ነገር ብቻ፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ላይ የፒስቶን ክንዱ ብሮንዚና (ክንዱ የሚዞርበት ስስ ብረት) ቶሎ ይበላል። ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ከሥሩ አስከፍተህ ብሮንዚናውን አስቀይር። አንዴ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳን አንተ መካኒኩም ይሰንፋል።

1ኤችዜድ ላይ ተርቦ መጨመር ሌላ ታሪክ ነው። ሞተሩ ለዚያ አልተሠራም። ጭመቃው 22.4 ለ1 ነው፣ ከፍተኛ ነው። ሰዎች ይጨምራሉ፣ በልኩ ከሆነም ይሠራል። ግፊቱ ከግማሽ ባር ባይበልጥ፣ ጭስ መውጫው ላይም የሙቀት መለኪያ ቢገጠም ጥሩ ነው። ችግሩ የኛ ሰው በልኩ አይልም። ትንሽ ሲጣፍጠው «ፓምፑን ክፈተው፣ ናፍታ ጨምርበት» ይላል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ሙቀት መለኪያ ሳይኖረው ተርቦ የተጨመረበት 1ኤችዜድ ቢያስገዙህ እንዳትገዛ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የአባቴ ኤፍጄ 40 አለችኝ፣ ቤንዚን። ሞተሯ 2ኤፍ ነው። ወደ ናፍታ መቀየር ፈልጌ ጋራዥ ስሄድ «ሞተሩን ብቻ አምጪ፣ ሌላው ቀላል ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩ ነው ቀላሉ። ሌላው ነው ሥራው።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። መኪናሽ ከፋብሪካ ስትወጣም በመደዳ ስድስት ፒስቶን ያለው ሞተር ተሸክማ ነው። ስለዚህ 1ኤችዜድ በርዝመቱ ይገባል። አሁን ወደ ጣጣው። ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የሚያጋጥመው ደወል መሳይ ብረት አለ። የ2ኤፍ እና የ1ኤችዜድ አይገጥምም። ካምቢዮሽ ባለ አምስት ማርሹ ኤች55ኤፍ ከሆነ ትክክለኛው ብረት በድሮዎቹ ኤችዜድጄ 75 ላንድክሩዘሮች ላይ አለ። ግን ብርቅ ነው። ሞተር ስትገዢ ይህ ብረት፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ክብ ብረት) እና ፍሪሲዮኑ አብረው መኖራቸውን ሳታዪ ቀብድ እንዳትከፍዪ። ሶማሌ ተራ ሞተሩን አንዱ ጋ፣ ይህን ብረት ሌላው ጋ ስታሳድጂ ወር ያልቃል።

ካምቢዮውንና ሪዶታውን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን) ካሉበት አታስነቅዪ። ሞተሩ ወደ እነሱ ይምጣ፣ የሞተር መያዣው በዚያ ልክ ይበየድ። ካምቢዮው አምስት ሳንቲ ሜትር ከተገፋ የፊትና የኋላው አልቤሮ (ወደ አክሰሉ የሚሄደው ዘንግ) ርዝመትና ማዕዘን ይቀየራል። ከዚያ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚንቀጠቀጥ መኪና ይዘሽ ጎማ ስታስመዝኚ ትኖሪያለሽ።

ፍሬኑን ደግሞ ማንም አይነግርሽም። የፍሬን ሰርቮው የሚሠራው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶ ግፊት ነው። ናፍታ ሞተር ያንን አይሰጥም። ለብቻው ባዶ ግፊት የሚፈጥር ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፑ የጎደለ ሞተር ከገባ መኪናው ይሄዳል፣ በቀላሉ አይቆምም። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የወጡት አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። ያንቺ እንደዚያ ከሆነች ሞተሩን ከመግዛትሽ በፊት የፊቱን ወደ ዲስክ አስቀይሪ።

ታንከሩ ወልቆ ይታጠብ። ናፍታ ወደ ታንከር የሚመለስበት ቱቦ ይዘርጋ። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይግባ። ያልኩሽን ጽፈሽ ለጋራዡ አሳዪ። «ይህን ሁሉ እናውቃለን» ካሉ ዋጋውን በጽሑፍ ይስጡሽ።

ጥያቄ፦ ከኮስተር የወጣ 1ኤችዜድ በርካሽ አገኘሁ። ያው ነው አይደል?

መልስ፦ ብሎኩ ያው ነው። ከሥር ያለው የዘይት መያዣና ዙሪያው ላይ የተለጠፈው ግን የአውቶቡስ ነው። የዘይት መያዣው ከፊት አክሰሉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። የኤችዜድጄ 75ቱን የዘይት መያዣ ፈልገህ ካገኘህ ግዛው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩስ? ናፍታ ሞተር ሽቦ የለውም ይላሉ።

መልስ፦ እኔም እንደዚያ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሞተሬ ከገባ በኋላ ቀትር ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ጠዋት ግን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ባትሪ ተቀየረ። ኖዝል ወጣ፣ ገባ። ፓምፑ ወርዶ ተፈተሸ፣ ተከፈለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ በየጠዋቱ መኪናዬን ሲገፋ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር ረዳት ካንዴሌታውን (ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ የሚያሞቀውን) ፈቶ በጨርቅ ጠረገና ጽሑፉን አነበበ። የ24 ቮልት ነው። መኪናዬ 12 ናት። የ24 ቮልት ካንዴሌታ በ12 ቮልት ሲሠራ የሚሰጠው ሙቀት ሩብ ብቻ ነው። በግንቦት ላይታወቅህ ይችላል። በኅዳር ጠዋት ግን አይበቃም።

ስለዚህ ሞተር ስትገዙ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን)፣ ዲናሞውን፣ ካንዴሌታውንና ናፍታ የሚዘጋውን ማግኔት አንድ በአንድ አንብቡ። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ ከተሠሩ መኪኖች የሚወጡት ብዙ ጊዜ የ24 ናቸው። ለዚያ ልጅ ጫማ ገዝቼለታለሁ።

ጥያቄ፦ ሊብሬውስ?

መልስ፦ ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ከቀየርክ አሳውቀህ ማስለወጥ አለብህ። ለዚህ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የገባበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የሽያጭ ደረሰኝ ይፈለጋል። ብር ከመክፈልህ በፊት በስልክህ መብራት ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያይ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ በነጻ ቢሰጡህ አትውሰድ። «ቦሎ ሲደርስ አስተካክለዋለሁ» ያለ ሰው ቦሎ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ላንድሮቨርን ረሳችሁት! ሲሪስ 3 አለኝ፣ 2.25 ሊትር ናፍታ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመኛል።

መልስ፦ አልረሳሁም፣ ጠብቄህ ነበር። ላንተ መልሱ 200ቲዲአይ ነው። 2.5 ሊትር፣ ተርቦ ያለው፣ ከ100 ፈረስ ትንሽ ከፍ የሚል። ዘሩ ከድሮው ሞተርህ ስለሆነ የቮላኖ ቤቱን ከአሮጌው ወስደህ ካምቢዮህ ላይ ማጋጠም ይቻላል። በመጠን ብዙ አይበልጥም፣ በጉልበት ግን አይገናኙም። የዲፈረንሻልህ (የአክሰሉ ማርሽ) ሬሾ 4.7 ከሆነ ግን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አትሮጥም። ከሬንጅ ሮቨር ወይም ከዲስከቨሪ የሚወጣው 3.54 ይግባለት። ደግሞ እግርህን አለዝበው። ካምቢዮውና የኋላ ጎማው ሻፍት ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም፣ ፍሪሲዮን በድንገት ከለቀቅክ ይሰበራሉ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ እዚህ አንድ ኤፍጄ 40 ለሽያጭ አየሁ። ውስጡ የሼቭሮሌ 350 ገብቶበታል። ገዝቼ ወደ አገር ቤት ልላከው ብዬ ነበር።

መልስ፦ አሜሪካኖቹ ይህን ሲያደርጉ ስንት ዘመናቸው ነው። 5.7 ሊትር ቪ8 ነው፣ ማጋጠሚያው ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ዕቃው እዚያ በየመንደሩ አለ። ለአንተ ኮሎራዶ ተራራ መውጫ ጥሩ ነው። መሪው ከጭስ መውጫው ጋር እንዳይነካካና ራዲያተሩ ትልቅ መሆኑን እይ። ኦሪጅናል ሞተር ያላትን የሚፈልግ ሰብሳቢ ግን ይህችን በዚያ ዋጋ አይገዛህም። መላኩን ተወው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። እኛስ አሮጌዎቹን እያገላበጥን ያለነው ለምን መሰለህ?

ጥያቄ፦ ሱዙኪ ሳሙራይ፣ 1.3። የቪታራ 1.6 ይገባል?

መልስ፦ ይገባል። ዘመዳሞች ናቸው፣ ከካምቢዮው ጋር ይገጥማል። ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ።

ጥያቄ፦ አባይ በረሃ ሞክረኸዋል? አይሞቅም?

መልስ፦ ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ደጀን ወጥቻለሁ። መውረጃው ከሺ ሜትር በላይ፣ መውጫውም እንዲሁ፣ ከታች ደግሞ ምድጃ ነው። መጀመሪያ ስሄድ ድልድዩን አልፌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ሙቀቱ ቀዩ ጋ ደረሰ። ቆምኩ፣ ዝንጀሮ ስቆጥር አንድ ሰዓት። ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም። ቬንትሌተሩና ራዲያተሩ መሃል ያለው ክፍተት ሰፍቶ፣ ዙሪያውን የሚሸፍነው ፕላስቲክም ተጥሎ ነበር። አየሩን ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚስበው። በላሜራ አሠራሁለት፣ ከዚያ ወዲህ መርፌው መሃል ላይ ነው።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ይዞ ጣርማ በር የሚወጣ ሰው ሻይ እያፈላ ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ናፍታ ስንት ይበላል?

መልስ፦ ከበፊቱ ይበልጣል። ስንት እንደሆነ እኔም ባለቤቴም እንዳናውቀው ወስኛለሁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። ሥራው ስንት ቀን ፈጀ?

መልስ፦ ጋራዡ «አሥር ቀን» አለኝ። ሦስት ወር ከአሥር ቀን ፈጀ። እንግዲህ አሥሩን ቀን አልዋሹኝም።