የቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ጂም እሠራለሁ። ከስፖርት በኋላ ገብቼ የምነከርበት፣ ውሃ በራሱ የሚያቀዘቅዝ ገንዳ ላስመጣ ብል ባለቤቴ «ብር በዛብህ እንዴ?» አለችኝ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሷ ልክ ናት። ዋጋውን የሚሰቅለው ማቀዝቀዣው ነው፤ እሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። የምትፈልገው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ውሃ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠህ ብርድ ልትገዛ? በኅዳር ማታ በርሜል ሞልተህ ደጅ አሳድረውና ጠዋት እጅህን ክተትበት፣ ጣትህ ይነግርሃል። ኮምቦልቻ ብትሆን ትንሽ እከራከርህ ነበር። ደግሞ ጡንቻ ለማሳደግ ከሆነ ብረት አንስተህ ወዲያው አትግባ፣ እድገቱን ይቀንስብሃል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብህ ግን ሐኪም ሳታማክር በርሜሉንም እንዳትሞክረው።