ቡችላዋ ከመጣች ወዲህ ከባለቤቴ ጋር አልተግባባንም

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ11 ዓመቱ ልጄ ዝምተኛ ነው፤ "ዛሬ ምን ተማርክ?" ሲባል መልሱ "ምንም" ነው። ጎረቤት ቡችላ ሲሰጡኝ ለእሱ ብዬ ተቀበልኩ። ልጁ አሁን ይስቃል፣ ይለፈልፋል። ባለቤቴ ግን ተቆጥቷል። ያደገው መንዝ ነው። "እየዳበሱ ያሳደጉት ውሻ ሌባ አያባርርም" ይላል። እኔ ሳሎን አስገባታለሁ፣ እሱ መትቶ ያስወጣታል። አማቴ ደግሞ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ አይገባም ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ቡችላዋን ከመቀበልዎ በፊት ባለቤትዎን አማክረዋል? ካላማከሩ የቁጣቸው ግማሽ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁ። (ይህን በማለቴ የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።) ቡችላዋን በማምጣትዎ ሳይሆን ሳይነግሯቸው በማምጣትዎ።

ደግሞም መንዝ ያደገ ሰው ውሻ አያውቅም አይባልም። በግ በሚረባበት፣ ጅብ በሚዞርበት አገር ውሻ የሌሊት ዘበኛ ነው። ባለቤትዎ የሳቱት አንድ ነገር ቢኖር መዳበስ ውሻን ያበላሻል ማለታቸው ነው። ውሻ ባዳ ላይ የሚጮኸው ቤተሰቡን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ እየተመታ ያደገ ግን ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ልጅም ይነክሳል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እርስዎ የሚጠሯት ባለቤትዎ የሚመቱባት ያው ሳሎን መሆኑ ነው። ቡችላዋ ሕጉ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ልጅዎም መሀል ቆሞ ያያል። ስለዚህ ሳሎኑን ለአማትዎ ይልቀቁ። የሃይማኖት ክርክር አይግጠሙ። በረንዳው ላይ ነፋስ የማይገባበት፣ ጭድ የተነጠፈበት ሳጥን ይሥሩላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለቡችላ ቀልድ አይደለም።

ማሠልጠኑን ለልጁ ይስጡት። ደስታው ያለው እዚያ ነው። ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ በጣቶቹ ይያዝ፣ ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ በጭንቅላቷ ላይ ወደ ኋላ ይውሰደው። አንገቷን ቀና ስታደርግ ቂጧ በራሱ መሬት ይነካል። በዚያው ቅጽበት "ጎበዝ!" ብሎ ያጉርሳት። ከዘገየ ሽልማቱ ስለ መነሳቷ ይመስላታል። ለምዳ ስትጨርስ "ተቀመጪ" የሚለውን ቃል ይጨምርበት። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቤተሰቡ ሁሉ በዚያችው ቃል ይጠቀም።

ዝምተኛ ልጅ እዚህ ላይ ብዙ ያገኛል። ካጉረመረመ አትሰማውም፤ ከጮኸ ትሸሻለች። ጥርት አድርጎ ተናግሮ መጠበቅ አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳይተዋል። እናትና ጨቅላ ሲተሳሰሩ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ልጅዎ መለፍለፉ አይገርመኝም።

ሳታስበው ብትሸና አትምቷት፤ ቆይቶ የመጣ ዱላ ከምን ጋር እንደተያያዘ አይገባትም። ከእንቅልፍ ስትነሳና ከበላች በኋላ ወደ ውጭ አውጧት። የወጥ ትራፊም ይቅርባት፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

አንድ ሥራ ግን ለባለቤትዎ ይተዉ። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋታል፤ ከዚያም በየዓመቱ። ልጁን ይዘው እሳቸው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። የትኛውም ውሻ ልጅ ቢነክስ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሮጥ ነው። የባህል መድኃኒት የክትባቱን ቦታ አይተካም። ሌሊት እንዴት እንደምትጠብቅም እሳቸው ያስተምሯት፤ ያውቁበታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መምታቱ ካልቆመ፣ ወይም ቁጣው ወደ ልጆቹና ወደ እርስዎ ከዞረ ግን የቡችላዋ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ያኔ በአቅራቢያችሁ ያለ ባለሙያ ዘንድ በአካል ይሂዱ፤ ባለቤትዎ እምቢ ካሉ ብቻዎንም ቢሆን።