ሥራ አለኝ፣ ኪሴ ግን ባዶ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ ትንሽ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ። ከከፈትኩ አራት ዓመቴ ነው። ሥራ አላጣሁም። የኪራይ ቀን ሲደርስ ግን ሁሌ ብድር ፍለጋ ነኝ። ለአንድ ቀሚስ ሸማው 3,800 ብር፣ ጥልፉ 1,500፣ ስፌቱ 900 ይፈጅብኛል። በ7,500 እሸጠዋለሁ። ኪራዬ በወር 28,000 ነው፤ ለሻጯ ልጅ 8,000 እከፍላለሁ። በጥር እስከ 40 ቀሚስ እሸጣለሁ። ሁዳዴ ሲገባ 12 ከሸጥኩ ተመስገን ነው። ባለፈው ጊዜ አንዲት አሜሪካ ያለች ደንበኛ ለሚዜዎቿ ስምንት ቀሚስ አዘዘችኝ። የሩቅ ዘመዴ ስለሆነች ቀብድ መጠየቅ አፈርኩ። ሰርጉ ቀረ፤ ቀሚሶቹ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። አሁን እቁብ ሊደርሰኝ ነው። ወንድሜ በእቁቡ ቦሌ ሁለተኛ ሱቅ ክፈቺ ይለኛል። የቦሌው ኪራይ 60,000 ነው። ምን ይመክሩኛል?
የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ስጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። መርካቶ 22 ዓመት ክርና ጨርቅ ስሸጥ የለመደብኝ ነው።

ቦሌን ለጊዜው ተዪው። ምክንያቱን የጻፍሽልኝ ቁጥር ራሱ ይነግርሻል። ከአንድ ቀሚስ የሚተርፍሽ 1,300 ብር ነው። ኪራይና ደመወዝ 36,000። እሱን ለመሸፈን ብቻ በወር 28 ቀሚስ መሸጥ አለብሽ። ሁዳዴ ላይ 12 ስትሸጪ ከ20,000 ብር በላይ ይጎድልሻል፤ ብድር ፍለጋ የሚያስወጣሽ እሱ ነው። ጥር ላይ ደግሞ 16,000 ይተርፍሻል። ያ ትርፍ ግን የሁዳዴው ኪራይ ነው፣ ያንቺ አይደለም። የራስሽን ድካምማ ጭራሽ አላስገባሽውም። ቦሌ ለኪራዩ ብቻ 46 ቀሚስ በላዩ ይጨምርብሻል፤ ያውም በየወሩ።

ወንድምሽን አልቀየመውም። እኔም በ1996 ዓ.ም. ፒያሳ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቼ ነበር። በ14ኛው ወር ዘጋሁት። ያቃጠለኝ ኪራዩ ብቻ አልነበረም። እኔ ፒያሳ ስውል የመርካቶው ልጅ የዱቤ ደብተሩን ሞልቶ ጠበቀኝ። ከወሰዱት አንዳንዶቹን እስካሁን ለቅሶ ቤት አገኛቸዋለሁ። ሰላም ተባብለን እናልፋለን።

አሁን ወደ ቀብዱ። “ግማሽ ክፈሉ” የሚባለው ልማድ ላንቺ አይሠራም። የ7,500 ግማሽ 3,750 ነው፤ ሸማው ብቻ 3,800 ነው! ጥለቱ በደንበኛዋ ምርጫ የተሠራ፣ በልኳ የተሰፋ ቀሚስ ሳትወስደው ብትቀር ለሌላ ሰው መሸጡ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሸማውንና የጥልፉን፣ 5,300 ብር፣ ሳትቀበዪ ሸማኔው ጋ አትሂጂ። ውጭ አገር ለሚላክ ዕቃ ደግሞ ቀሪው ሳይገባ አይላክም። ዘመድም ብትሆን።

በደረሰኙ ላይ “ቀብድ” ብለሽ ጻፊ። ቃሉ ክብደት አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይቺ ሁለተኛዋ አንቺንም ትመለከታለች። ጥር ላይ ገበያው ሲሟሟቅ ከአቅምሽ በላይ ቀብድ ሰብስበሽ ሸማኔው ሳይደርስልሽ ቢቀር፣ 5,300 ተቀብለሽ 10,600 ልትከፍዪ ነው። በሳምንት ስንት ቀሚስ እንደምታወጪ ቁጠሪ፣ እዚያ ላይ ቁሚ፣ ቀሪውን ደንበኛ “ለዚህ ሰርግ አልደርስም” በዪው። ሰው አይቀየምም፤ የሚቀየመው የሰርጉ ዋዜማ ላይ ነው።

እቁቡንስ? ሦስት ወር ኪራይ ለብቻው አስቀምጪ። ከሱቁ ገንዘብ ጋ አይቀላቀል፣ ሌላ ሂሳብ ክፈቺለት። በቀሪው ገበያ ሲቀዘቅዝ ሸማ ግዢ። ሸማኔው ሥራ በጠፋበት ሰሞን እጅ በእጅ የሚከፍለውን ሰው አይረሳም፤ ዋጋም ይቀንስልሻል። ከ3,800ው ላይ 300 ብር ብታወርጂ በአንድ ቀሚስ 1,600 ይተርፍሻል። ያኔ ወጪሽን ለመሸፈን 23 ቀሚስ ይበቃሻል። ግን ነጩንና በየጊዜው የሚፈለገውን ጥለት ብቻ ግዢ፤ የዘንድሮን ፋሽን አታከማቺ።

ስምንቱን ቀሚሶች በተመለከተ፣ የጥለታቸውን ቀለም አልነገርሽኝም። አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለየብቻ አትበትኛቸው። ለጥምቀት አንድ ዓይነት ለመልበስ የሚፈልጉ የሰፈር ወይም የመሥሪያ ቤት ሴቶች ፈልጊ። ጎኑ ላይ ስፌት ትርፍ ካለው ለማስፋት ይመቻል። እያንዳንዳቸው በወጪያቸው፣ በ6,200፣ ከወጡልሽም አትጨነቂ፣ ሸማኔሽ ጋ ይዘሽው የምትሄጂው ገንዘብ ነው።